ጭቃውን በመሃሉ እለፉት

(ክረምቱ ሲወጣ ጅማ ላይ ለእግር ተጓዦችና የእግር መንገድ ለሚጠግኑ አዲስ በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልተን። የተጋበዝኩት ስለ ደህንነት እንድናገር ነው፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን ከጭቃ ልጀምር። ጅማ ላይ ቆሞ ስለ እግር መንገድ ሊያወራ የሚፈልግ ሰው ጭቃን ዘሎ የትም አይደርስም።

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ አንድ ሜትር ስፋትና መቶ ሜትር ርዝመት ያላት መንገድ ላይ ብቻ በዓመት 150,000 ሊትር ይወርዳል። 15,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ አሥር ጊዜ ተመላልሶ እዚያችው ቀጭን መንገድ ላይ እንደደፋባት ቁጠሩት። ይህም በቀጥታ ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ ከላይ ከተዳፋቱ እየተንደረደረ የሚመጣውን ገና አልደመርኩም።

ቀዩ አፈራችን ካልነካነው ይህን ሁሉ ይችለዋል። ቅጠል የለበሰ፣ ሥር የያዘው፣ ትል የቦረቦረው የጫካ አፈር ውሃን እየጠጣ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። እርጥብ እያለ በእግር ሲረገጥ ግን ይጠቀጠቃል። የተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር ደግሞ ውሃ አያስገባም። ውሃው መግቢያ ሲያጣ በላዩ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ካገኘ ይሮጣል፤ ሲሮጥ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ መንገድ ብለን የተውነውን ቦታ ቦረቦር ሆኖ እናገኘዋለን።

የእኛ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ዘጠና በመቶው ይኸው ነው ብል አላጋነንኩም፤ ውሃን ከመንገድ ማስወጣት። ሰዎች ስለ መንገድ ሥራ ሲያስቡ ቁጥቋጦ መመንጠርና ምልክት መቀባት ይታያቸዋል። እሱም አለ። ዋናው ግን መንገዱን ወደ ቁልቁለቱ ጎን ትንሽ ዘንበል አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ውሃው በመንገዱ ርዝመት ከመሄድ ይልቅ ተሻግሮት እንዲወርድ። ከዚያም በየተወሰነ ርቀት አግድም ያዘመሙ የውሃ መቀልበሻ ቦዮችን እንቆፍራለን፤ ዳገቱ በበረታ ቁጥር ቦዮቹ ይቀራረባሉ። አፈር የሚንሸራተትበት ቦታ ድንጋይ እንክባለን፣ ዳሩ ላይ ቬቲቨር ሣር እንተክላለን። በቡና ማሳ ላይ አፈር ለማቆየት ገበሬው የሚጠቀምበት ሣር ነው፤ ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ታች ስለሚወርድ ከቡናው ጋር ብዙም አይሻማም።

አሁን ወደ እናንተ እግር ልምጣ። መንገድ ላይ ጭቃ ያጋጠመው ሰው ምን ያደርጋል? ጫማው እንዳይበላሽ በዳር በዳር ይሄዳል። ተከታዩም እንዲሁ። ዳሩ ላይ የነበረው ሣር ይረገጥና ይሞታል፤ እሱም ጭቃ ይሆናል። ሦስተኛው ሰው ከዚያም ወጣ ብሎ ያልፋል። አንድ እርምጃ የነበረው ጭቃ በአንድ ወቅት ውስጥ አምስት እርምጃ ይሰፋል፤ የሰፋው መንገድ የሚያርፈው ደግሞ ሰው በተከለው ቡና ላይ ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፦ ጭቃውን በመሃሉ እለፉት። ጫማ ይታጠባል። ማለፍ የማትችሉት ድጥ ከሆነ ደግሞ ተመለሱና ሌላ ቀን ኑ፤ ትልቅ ዝናብ በጣለ ማግስት መንገዱን ማሳረፍ ራሱ የጥገና ሥራ ነው።

አቋራጭም ከዚሁ ወገን ነው። ዳገቱ ላይ መንገዱን ያጠማዘዝነው እናንተን ለማድከም አይደለም። ቀጥ ያለ መንገድ ለውሃ የተሰጠ ግብዣ ነውና ነው። ሁለቱን መታጠፊያ በአቋራጭ የሚያገናኝ አንድ የእግር ዱካ ሲታይ ሌላው ይከተለዋል፣ ከዚያ ጎርፉ ይከተላል። በአቋራጩ የምታተርፉት ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለእኛ ግን የአንድ ሙሉ ቅዳሜ ዶማ ነው።

ሥራውንም መጋራት ትችላላችሁ፤ ዶማ አያስፈልግም። የውሃ መቀልበሻ ቦይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቅጠልና በደለል ሲደፈን ነው። ስታልፉ የተደፈነ ቦይ ካያችሁ በጫማችሁ ጥርግ አድርጉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዝናብ ወቅት ይህን የሚያደርጉ አሥር ተጓዦች ካሉ እኛ ከወር በኋላ መጥተን ከምንሠራው ይበልጣል።

ቅዳሜ ያልኩት በምክንያት ነው። የሥራ ቀናችን ቅዳሜ የሆነው አርብ ጁምዓ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው፣ ጅማ ውስጥ ሐሙስ ሰው ለሌላ ሥራ አይገኝም። የሚመጡት መምህር፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የአካባቢው ገበሬ ናቸው። በዚህ አገር ዳዶ የሚባል አለ፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን እየተባለ በተራ የሚሠራ። ደቦም አለ፤ ባለ ማሳው ይጠራል፣ ይደግሳል፣ ሰው ይወጣል። የመንገድ ሥራ ግን ደጋሽ የሌለው ደቦ ነው። ቆሎና ውሃ እንኳ እያንዳንዱ ከቤቱ ይይዛል። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑን አይደለም። መንገዱ ላይ ደመወዝ የሚከፈለው ጠባቂ እንደሌለ፣ የሕይወት አድን ቡድን እንደሌለ እንድታውቁ ነው። አንድ ሰው ቢጠፋ ወይም እግሩ ቢሰበር በባትሪ የሚፈልጉት፣ ቃሬዛ ሠርተው የሚሸከሙት እነዚሁ ሰዎችና በአቅራቢያው ያሉ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ጥንቃቄና ኃላፊነት የሚባሉትን ለያይቼ የማላያቸው ለዚህ ነው።

መንገዱ የሚያልፍበት መሬት የማን ነው? አጥር የለውም፣ ስለዚህ የማንም አይደለም የሚል ተጓዥ ብዙ አይቻለሁ። በጅማ ዙሪያ ያለ የደን ቡና አጥር ባይኖረውም ባለቤት አለው። ከየትኛው ዋንዛ እስከ የትኛው ብሳና የማን እንደሆነ ሰፈሩ ጠንቅቆ ያውቃል። ኮረሪማውም፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም እንደዚያው ነው። በለጤ ገራ ደን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር በውል ደኑን እየጠበቁ መጠቀም ጀምረዋል፤ ማለት ጫካ መስሎ የሚታየን ነገር ደንብና ተረካቢ ያለው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲቀላ እንደ ዋዛ አንድ እፍኝ ሸምጥጦ ፎቶ መነሳት ያምራል። ገበሬው ግን ሲያይ የሚያየው የዓመት ገቢውን የሚለቅም እንግዳ ነው። ሰላምታ ስጡ። አካም ቡልተን ለማለት ኦሮምኛ መቻል አያስፈልግም። ያለ ሰላምታ የሚያልፍ ሰው እዚህ አገር ወይ ሌባ ነው ወይ ተጣልቷል። መንገዱ ክፍት ሆኖ የቆየው እነዚህ ሰዎች እሺ ስላሉ ነው፤ እሺታቸውም በወረቀት ላይ የለም።

ስለ ቡና ካነሳሁ አንድ ነገር ለአዲሶቹ በጎ ፈቃደኞች ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቅ በሽታ አለ። ፈንገስ ነው፤ በአፈር ውስጥ ይቆያል፣ በግንዱ ሥር አካባቢ ባለ ቁስል ይገባል፣ አንዴ የያዘው ዛፍ አይድንም፤ ነቅሎ ማቃጠል ብቻ ነው ያለው። ቁስሉን የሚፈጥረው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሰው ገጀራና ዶማ ነው። በታመመው ላይ ያረፈ ገጀራ ለጤነኛው ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ምን እንዳደረሰ እዚህ ያሉ አባቶች ይነግሯችኋል፤ ያኛው ፍሬውን ነው የሚያጠቃው፣ ይህኛው ዛፉን ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ ቁጥቋጦ ስትመነጥሩ የቡና ግንድ አጠገብ ገጀራ አታሳርፉ፤ በእጅ ንቀሉ። ከአንዱ ሰው ማሳ ወደ ሌላው ስትሻገሩ መሣሪያችሁን ከአፈር አጽዱ፣ ስለቱን በእሳት ለብልቡት ወይም በአልኮል ወልውሉት። ተጓዦችም የጫማችሁን ጭቃ አራግፉ። መልካም ልንሠራ ወጥተን የሰው ቡና ካደረቅን በሚቀጥለው ዓመት መንገድም አይኖረን።

ጫማ ስል፣ ባዶ እግሩን ወይም በነጠላ ጫማ ሊቆፍር የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ አለ። ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት ደጋማ አገር ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው ላይ ዝሆኔ የሚወጣው ከአፈሩ በሚገቡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ምክንያት ነው። ተላላፊ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ ጫማና የእግር መታጠብ ይከላከለዋል። በአንድ ቅዳሜ አይመጣም፤ ልማዱ ነው የሚያመጣው።

ወደ አደጋዎቹ ልለፍ። ሁሌም መጀመሪያ የምጠየቀው ስለ እባብ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ከእኛ ተጓዦች ብዙዎቹ እባቡን ሳያዩ ነው የሚበረዩት። እግራችሁን የምታሳርፉበትን እያያችሁ ከሄዳችሁ፣ የወደቀ ግንድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ላዩ ላይ ቆማችሁ ማዶውን ካያችሁ፣ እጃችሁን ያላያችሁት ጉድጓድና ድንጋይ ሥር ካላስገባችሁ አብዛኛው አደጋ ቀረ። የተነደፈ ሰው ካለ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ በፊት አውልቁለት፣ እግሩን ወይም እጁን እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እባቡን ገድሎ ለማምጣት የሚሄድ ጀግና ሁለተኛ በሽተኛ ይሆናል።

እኔ ከእባብ ይልቅ ንብን እፈራለሁ። ጫካችን የማር አገር ነው፤ ቀና ብላችሁ ካያችሁ ቅርንጫፍ ላይ የተጋደመ ቀፎ አታጡም። ንቦቹ ዝም ብሎ የሚያልፍን ሰው አይነኩም። የሚያስቆጣቸው ጩኸት፣ የዛፍ መነቅነቅ፣ ጠንካራ ሽቶ ነው። እናም ስፒከር ተሸክሞ ሙዚቃ እያስጮኸ ጫካ የሚገባው ወንድማችን፣ ጉሬዛውን ማባረሩና ሌላውን ማወኩ ሳያንስ፣ አንድ ቀን ቀፎ ሥር ይቆማል። ንብ ከተነሳ ቆማችሁ አትከላከሉ፤ በእጅ ማባረር የባሰ ይጠራቸዋል። ፊታችሁን በጋቢ ወይም በጃኬት ሸፍናችሁ፣ ለመተንፈስና ለማየት ብቻ ትታችሁ፣ በመጣችሁበት መንገድ ሩጡ፤ እስኪተዉአችሁ ድረስ አትቁሙ። ወንዝ ውስጥ አትግቡ፣ ውጭ ጠብቀው ይነድፋሉ። ከዚያ የቀረውን መንደፊያ ቶሎ በጥፍር ፍቃችሁ አንሱት፤ በቆየ ቁጥር መርዝ ያስገባል። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን ጊዜ የለም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ዝናብና ወንዝ። እዚህ አካባቢ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። በጠዋት የተሻገራችሁት ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ጅረት ማታ ሊያግታችሁ ይችላል፤ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው ከጉልበት ካለፈና ከፈጠነ፣ ወይም ቀለሙ በድንገት ከደፈረሰ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ትንሽ ጅረት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቶሎ ይጎድላል። እኛ የሠራናቸው የግንድ ድልድዮች አሉ፤ ባሕር ዛፍ ናቸው፣ እርጥብ ሲሆኑ ያዳልጣሉ፣ አፈር የነካው ጫፋቸው ቶሎ ይበሰብሳል። አንድ በአንድ ተሻገሩ። የተወዛወዘ ግንድ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ ከምስጋና ደብዳቤ ይሻለናል።

ነጎድጓድ ስትሰሙ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሠላሳ ካነሰ ከገላጣ ሜዳና ከኮረብታ ጫፍ ውረዱ። ለብቻው የቆመ ትልቅ ዋርካ ጥላው ቢያምርም በመብረቅ ጊዜ መጠለያ አይደለም። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ታገሱ።

ጨለማን አትናቁ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይ ክረምትም በጋም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ምሽቱ አያዘግምም። ጫካ ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። ስትነሱ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፤ የፈለጋችሁበት ባትደርሱም ያ ሰዓት ሲሞላ ዞር በሉ። ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ በየት እንደሄዳችሁና በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ንገሩ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሞባይል ምልክት ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳልና በአውሮፕላን ሞድ አድርጉት። ከጠፋችሁ ቁሙ። ቀን ከሆነ ድምፅ አሰሙ፤ የጅማ ጫካ ውስጥ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወይም እንጨት የሚለቅም ሰው በጣም ሩቅ አይሆንም። ከመሸ ግን ባላችሁበት እደሩ። የሚያድረው ሰው ይበርደዋል፣ በጨለማ የሚሄደው ግን ገደል ይገባል።

የሚያዘውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ውሃ፣ በሶ ወይም ጭኮ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪ፣ ፋሻ። የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ውሃ አጋር ሳታደርጉ አትጠጡ፤ አልቅትም አለ። ለመጸዳዳት ከውሃና ከመንገድ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩና ድፈኑ፤ ከታች ከዚያ ምንጭ የሚቀዳ ቤተሰብ አለ። ፌስታል፣ የጫት ፌስታልም ጭምር፣ የሃይላንድ ጠርሙስም ይዛችሁ ተመለሱ። ፌስታል የበላች ላም ትሞታለች፤ ላሟም እንደ ቡናው ባለቤት አላት።

የተጫነ በቅሎ ወይም ፈረስ ከመጣ መንገድ ልቀቁ፤ በገደሉ በኩል ሳይሆን በዳገቱ በኩል ቁሙ። ጭነቱ ሰፊ ነው፣ ሲገፋችሁ ወደ ላይ አትወድቁም። ወደ ቦዬ ረግረግ የምትሄዱ ደግሞ ጉማሬው ካለ በእሱና በውሃው መካከል አትግቡ። ለፎቶ ብሎ የሚጠጋ ሰው አለና ነው የምለው።

ጥያቄ ተቀብዬ ላብቃ።

ሞተር ሳይክል ይፈቀዳል ወይ ተብሏል። ለመዝናኛ አይፈቀድም። ጎማ ቀጥ ያለ ቦይ ይሠራል፣ ውሃው ያንን ይዞ ይወርዳል፤ እኛ የቆፈርነውን መቀልበሻ በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። በመኸር ጊዜ ቡናውን በሞተር የሚያወርደውን ገበሬ ግን አንከለክልም። መንገዱ ከእኛ በፊት የእሱ ነበር፤ የሚያልፍበትን ቦታ ድንጋይ አንጥፈን ማጠናከር የእኛ ፋንታ ነው።

ጅብና ነብር ላሉት፣ ቀን ላይ የሚያሳስባችሁ እነሱ ሳይሆኑ ዝንጀሮዎቹ ናቸው። ምግብ አታሳዩአቸው፣ አትስጧቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነገ የሚሄደው ወደ ገበሬው በቆሎ ነው፤ እዚያ ደግሞ ይገደላል።

ልምድ የለኝም፣ ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ ወይ ላለችው እህታችን፦ ነይ። መጀመሪያ ቦይ መጥረግ ነው የምናስተምረው፣ ዶማውን ከእኛ ታገኛለሽ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ዝናቡ ሳይቀድመን እኩለ ቀን ላይ እንጨርሳለን። ጠንካራ ጫማና ምሳ ያዢ።